ሽግግር የማያልቅባት አገር፦ «የቴክኒክ ትብብር» ከአርሲ ነገሌ ሲታይ

የሞጆ–ሐዋሳን የፍጥነት መንገድ የብድር ውሎች ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። መንገዱ አንድ ነው፤ አበዳሪዎቹ ግን አራት ናቸው። ከሞጆ እስከ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ የኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ከዝዋይ እስከ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ከአርሲ ነገሌ እስከ ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። እትብቴ የተቀበረባት ነገሌ እንግዲህ የዋሽንግተኑ ገንዘብ አብቅቶ የቤጂንጉ የሚጀምርባት ስፌት ሆናለች። በልጅነቴ ከተማዬ የምትታወቀው በአረቄዋ ነበር። ዛሬ በአበዳሪዎች ካርታ ላይ የወሰን ድንጋይ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ብዕር ያነሣሁት ስለ አስፋልቱ ለማማረር አይደለም። አስፋልት መልካም ነገር ነው፤ ተበድረን ብንሠራውም እንሄድበታለን። የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣው፣ በዓይን የማይታየው፣ በውሉ መጨረሻ ገጾች ላይ በትንንሽ ፊደላት የሚጻፈው ነገር ነው። ስሙ «የቴክኒክ ትብብር» ይባላል። አማካሪ፣ ሥልጠና፣ ጥናት፣ የልምድ ልውውጥ፣ የአቅም ግንባታ። የተማረው የከተማ ሰው ይህን እንደ ንጹሕ ውኃ ይጠጣዋል። «ገንዘቡስ ፖለቲካ አለበት፤ ዕውቀቱ ግን ዕውቀት ነው፤ ምን ክፋት አለው?» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ አባባል የተሰጠ መልስ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

*

ከትንሹ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት አረቄ ለሚያወጡ የነገሌ ሴቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይዞ መጥቶ ነበር። ሐሳቡን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። በነገሌ ስንት ልጅ ከአረቄ በተገኘ ገንዘብ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ እንደበቃ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ድፍድፉ የሚፈላበት እንጨት ደግሞ ከሙነሳ ደን በኩል በአህያና በሴት ጀርባ ተጭኖ እየመጣ፣ ደኑ በየዓመቱ ወደ ተራራው እየሸሸ መሄዱንም እንዲሁ። ስለዚህ ምድጃው ሲመጣ እሰይ ተባለ።

ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ባነር ተሰቀለ፣ አበል ተከፈለ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ምድጃዎቹ በየቤቱ ተተከሉ። ዓመት ሳይሞላ ግን የአንዳንዶቹ የብረት መዝጊያ ተቃጥሎ ወደቀ፤ የሌሎቹ አፍ ድሮውንም ለሴቶቹ እንስራ ጠባብ ነበር፤ ከመተከሉ በፊት የእንስራውን ስፋት የለካ ሰው አልነበረምና። ሴቶቹ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢሄዱ በሩ ተዘግቷል፤ ፕሮጀክቱ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል»። በቀበሌው የተቀመጠው የማጠቃለያ ሪፖርት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር፣ አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ እናት ለእረፍት ወደ አገር ቤት በገባሁበት ጊዜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። የሴቶቹ አቅም ተገንብቷል ይላል። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ አቅማችን ከተገነባ እንግዲህ ይቺን መዝጊያ የሚበይድልን ሰው ማን ነው?» አሉኝ።

በሕይወቴ ካነበብኳቸው የፕሮጀክት ግምገማዎች ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚበልጥ አላገኘሁም። መዝጊያውን የሚበይድ ሰው ነገሌ ውስጥ ሞልቷል። የጋሪና የበር ብየዳ የሚሠሩ ወጣቶች ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም አይርቁም። ከእነርሱ አንዱን ጠርቶ «ና፣ ይህን ከእኛ ጋር ሥራ» ያለ ግን የለም። ዕውቀቱ በላንድክሩዘር መጣ፤ በላንድክሩዘር ተመለሰ።

*

አሁን ወደ ትልቁ። «ምድጃ ምን አላት፤ ትልልቁን የትብብር ሥራ አሳየን» ለሚለኝ ሰው ከነገሌ ወደ ምሥራቅ፣ ተራራውን ተሻግሮ ወደ አሰላ እንዲመለከት እጋብዘዋለሁ።

በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ አንድ ሥራ ጀመሩ፤ የጭላሎ የእርሻ ልማት ክፍል፣ በሁላችን አፍ «ካዱ» የተባለው። ከወጪው ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነውን የሸፈነችው ስዊድን ናት። ነገሌ በዚያን ጊዜ በጭላሎ አውራጃ ውስጥ አልነበረችም፤ ወሬው ግን ተራራ አያግደውም ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ መጋቢ መንገድ፣ የገበያ ጣቢያ ሁሉም በአንድ ጥቅል። እውነቱን ለመናገር ካዱ በአገራችን ከተካሄዱት የቴክኒክ ትብብሮች ሁሉ ምናልባት በቅንነትና በጥንቃቄ የተሠራው ነው። ስዊድናውያኑ እያንዳንዱን ነገር ይመዘግቡ ነበር፤ ስሕተታቸውንም ጭምር። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ዛሬም የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማዕከል ሆኖ ያገለግላል። ይህን የማይመሰክር ሰው ውለታ ቢስ ነው።

ነገር ግን በዚያው ጭላሎ ምን ሆነ? ስንዴው ሰጠ፤ ዋጋው አማረ፤ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ባለርስቱም ነገሩን አሰላ፦ ጢሰኛው ከሚያካፍለኝ እኩሌታ ይልቅ በትራክተር አርሼ ሙሉውን ብወስድ ይሻለኛል። በሺህ የሚቆጠሩ ጢሰኞች አባቶቻቸው ካረሱት ማሳ ተነቀሉ። ካዱ ይህን አላለመም፤ ጢሰኛውን ለመርዳት ነበር የመጣው። በኋላም ለትልልቅ ባለርስቶች ብድር መስጠቱን ገደበ። የስዊድን መንግሥት የጢሰኝነት ሕግ እንዲወጣ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ዕርዳታውን እስከማቆም ድረስ አስጠነቀቀ። ሕጉ ተረቀቀ። ነገር ግን በባለርስቶች በተሞላው ፓርላማ ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ይመጸትብናል። ካዱ የተመሠረተው በእነርሱ 1967 ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በእኛው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ 1967ቶች መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ያ ሰባት ዓመት በቴክኒክና በፍትሕ መካከል ያለው ርቀት ነው። ዘሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ ፍትሑ ዘገየ። ፍትሑ ሲመጣም በምክክር ሳይሆን በአብዮት መጣ፤ ከአብዮቱ ጋር የመጣውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ስዊድን በደለችን የሚል አይደለም። «ንጹሕ ቴክኒክ» የሚባል ነገር የለም ነው የምለው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጢሰኛና ባለርስት ባለበት አገር ሲገባ ሁለቱን እኩል አያዳብርም። ማን መሬት አለው፣ ማን ይነቀላል፣ ማን ይወስናል ብሎ የማይጠይቅ ባለሙያ ፖለቲካ ውስጥ አልገባሁም ቢልም ገብቷል። የገባው ግን በጠንካራው በኩል ነው።

*

«ያ የንጉሡ ዘመን ነው፤ አሁን መሬት የሕዝብ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደዚህ እንምጣ።

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ሪፖርቶች «በሽግግር ላይ ያሉ ኢኮኖሚዎች» የሚሏቸው አገሮች አሉ፤ በዋናነት ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የወጡትና የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ናቸው። እኛም በ1991 ከዕዝ ኢኮኖሚ ወጥተናል፤ ነገር ግን ከዚያ መዝገብ ውስጥ የለንም። እኛ ከ1971 ጀምሮ የተመዘገብነው «በማደግ ወደኋላ የቀሩ» በሚለው ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ባንኖርም የሽግግሩን መድኃኒት ግን ሳይቀርብን ጠጥተናል። በጥቅምት 1992 ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ2.07 ወደ 5 ብር ተለወጠ፤ የመዋቅር ማስተካከያው ፕሮግራም ተከተለ። አማካሪዎች መጡ፣ ሰነዶች ተጻፉ።

በ1997 የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበረው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ መጥቶ ያየውን በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ተርኮታል። የገንዘብ ድርጅቱ (አይ.ኤም.ኤፍ.) የፋይናንስ ገበያችንን እንድንከፍት ሲገፋን ነበር። ስቲግሊትዝ ግን የኢትዮጵያ ባንኮች ሀብት ተደምሮ በዋሽንግተን ዳርቻ ያለችውን የቤተዝዳን የባንክ ሀብት እንኳን እንደማያህል ጠቅሶ፣ ይህን ለዓለም ባንኮች ወለል አድርጎ መክፈት ጥበብ አይደለም ሲል ተከራከረ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች «ቴክኒካዊ ምክር» ነው የሚሰጡት። ሁለቱም ባለዲግሪ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቶቻቸውም በአንዲት ከተማ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ምክሩ ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ አንድ በሆነ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠ። በሐምሌ 2024 መንግሥት ከዚሁ የገንዘብ ድርጅት ጋር የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ፤ በዚያው ሳምንት ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ። እኔ ባንክ ይዘጋ ባይ አይደለሁም፤ የሁለት ምንዛሪ ዘመን ማንን እንዳበለጸገም አውቃለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በ1997 ቢያንስ ክርክር ነበር። የአሁኑን ውሳኔ ደግፎም ሆነ ነቅፎ፣ የነገሌ ገበሬ ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ከሚመጣ ዕቃ መሆኑን አስልቶ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ በቅድሚያ ያስረዳው ማን ነው? ገበሬው ዜናውን የሰማው ከማዳበሪያው ዋጋ ነው።

*

ስለ ማዳበሪያ ካነሣን አይቀር። በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ አገራችን ገባ፤ ከኋላው የኖቤል ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግና ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተያይዘው ሲገቡ ምርቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ። መንግሥት ወደደው፤ በ1995 የብሔራዊ ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ መሠረት አደረገው። ምርቱም ጨመረ። ይህ ሐሰት አይደለም።

ከዚያስ? በ2001 እና በ2002 መጀመሪያ የበቆሎ ምርት ሲትረፈረፍ ዋጋው ወደቀ። ገበሬው ለማዳበሪያ የተበደረውን ለመክፈል በሬውን ነዳ። በቀጣዩ የመኸር ወቅት ብዙው ማዳበሪያ ከመውሰድ ታቀበ፤ ዝናቡም ቀረ፤ በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጥሩ ዘር ነበረ፤ ጎተራ፣ ገበያ፣ የዋጋ ዋስትና ግን አልነበረም። ባለሙያው የመጣው ለማሳው ነው፤ ማሳው ደግሞ ከገበያው ጋር የተያያዘ መሆኑ በሥልጠና ሞጁሉ ውስጥ አልነበረም። ከነገሌ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የአብያታን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምሳሌ አይፈልግም። ከላይ በዝዋይና በቡልቡላ በኩል ውኃው ለመስኖ ይሳባል፤ ከዳሩ ሶዳ አሽ ለማምረት ውኃ ይወሰዳል፤ በላዩም ጥናት ይጠናል። ጥናቱ እየጨመረ፣ ሐይቁ እየቀነሰ ሄደ። ፍላሚንጎዎቹ ሪፖርት አያነቡም እንጂ ቢያነቡ ምን ይሉ ነበር?

*

አሁን የተቃራኒዬን ጠንካራ ክርክር በሐቅ ላቅርብ። «አንተ የምትለው ከሆነ ማንም አይምጣ ማለት ነው። ድሃ አገር በሯን ዘግታ ዕውቀት ከየት ታገኛለች? ጃፓንስ ከሌሎች ተምራ አይደለም ወይ የሠለጠነችው?»

ትክክል ነው። ጃፓንን ማንሣታችሁም መልካም ሆነ። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት (ጃይካ) በቱኒዚያ ያካሄደውን የካይዘን ሥራ በጽሑፍ አይተው፣ ይህ ለእኛም ይሁንልን ብለው ጠየቁ። በ2009 ሥራው ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከጃፓን ምሁራን ጋርም የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ውይይት ለዓመታት ቀጠለ። በመለስ ፖለቲካ የምስማማበትም የማልስማማበትም አለ፤ በዚህ ነገር ላይ ግን አንድ እውነት መካድ አይቻልም። ጠያቂው እኛ ነበርን። ምን እንደምንፈልግ አውቀን፣ አንብበን፣ መርጠን ጠየቅን፤ ዕውቀቱም ሰዎቹ ቢሄዱ የሚቆይ የራሳችን ቤት ተሠራለት። ካይዘን በየፋብሪካው ሁሉ ሠመረ አልልም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር ሆኖ የቀረበትም ቦታ አለ። ነገር ግን እንግዳን ጠርቶ ማስተናገድ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው የቤቱን ዕቃ አቀማመጥ ሲወስን ዝም ብሎ ማየት ሌላ ነው።

ወቀሳው ደግሞ ለውጪዎቹ ብቻ አይደለም። የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን፤ በ2001 ተቋቋመ፣ በ2010 ፈረሰ። አቅምን የሚገነባው መሥሪያ ቤት ራሱ አሥር ዓመት አልቆመም። ወርክሾፕን እንደ ሁለተኛ ደመወዝ የለመድን እኛ ነን። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ስንቀበል «በምን ቋንቋ ለማን?» ያላልን እኛ ነን። «ባለሙያው ያውቃል» እያልን የእንስራውን ስፋት ሳናስለካ የፈረምን እኛው ነን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ አባቶቻችን!

ፈተናው ደግሞ ደጃፋችን መጥቶ አይተነዋል። በጥር 2025 በዋሽንግተን በአንድ ፊርማ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት (ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ.) ሕልውናው አበቃ። በእርሱ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎቻችን ውል ተቋረጠ፤ ለዓመታት «የአገሪቱ ሥርዓት» ሲባል የኖረው ብዙ ነገር የሌላ አገር የበጀት መስመር እንደነበር ተገለጠ። በሕንፃ ምትክ የተከራየነውን ድንኳን ቆጥረን ነበር። አከራዩ ሲነቅል ነው ያወቅነው።

*

ስለዚህ ምን ይደረግ? ማማረር ብቻ የጦማሪ በሽታ ነው እንዳልባል ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የቴክኒክ ትብብር ውልና የማጠቃለያ ሪፖርት ሥራው በሚሠራበት አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ ይታተም። ነገሌ ላይ ለሚሠራ ሥራ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ሕዝቡ ሊያነበው የማይችለው ውል ለሕዝቡ የተፈረመ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የውሉ የመጀመሪያ ገጽ ባለሙያው የሚሄድበትን ቀንና በእርሱ ቦታ የሚተካውን ኢትዮጵያዊ፣ ከነደመወዙና ከነመሣሪያው ይጥቀስ። መዝጊያውን የሚበይደው ወጣት ከመጀመሪያው ቀን በሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥ። መውጫው ያልተጻፈ ውል መግቢያው አይፈረም።

ሦስተኛ፣ ከመጀመሩ በፊት «ተጠቃሚ» ብቻ አይቆጠር፤ ተጎጂም ይቆጠር። ዛሬ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር በስፋት ያጭዳል፤ ኩታ ገጠም እርሻ ይስፋፋል። ጥሩ። ነገር ግን ለዕለት ጉርሱ ያጭድ የነበረው ወጣት የት ገባ? ለማረስ አቅም አጥታ ማሳዋን በየዓመቱ የምታከራየው ባልቴት ከጥቅሉ ምን ደረሳት? ጭላሎ ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት አሳድሮ የተከተለውን አይተናል። ጢሰኛ የሚለው ስም ቀርቷል ማለት መነቀል ቀርቷል ማለት አይደለም።

እነዚህን ሦስቱን ለመጠየቅ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። ዲግሪ ያለን እኛ፣ በከተማ ተቀምጠን ይህን ጽሑፍ የምናነበው፣ ዝም በማለታችን ግን ተጠያቂዎች ነን። ምክንያቱም ያንን የእንግሊዝኛ ሪፖርት ማንበብ የምንችለው እኛ ነን። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በአማካሪነት ተቀጥረን የጻፍነውም እኛው ነን።

ያቺ እናት ዛሬም ድፍድፋቸውን በጥንቱ ሦስት ጉልቻ ላይ ያፈላሉ። ምድጃው ጓሮ ውስጥ ወድቋል፤ ዶሮ ይፈለፍልበታል። ባለፈው ሄጄ ሳያቸው አንድ የሠፈራቸው በያጅ ልጅ ከወዳደቀ በርሜል አዲስ ሊሠራላቸው ልኬት ወስዶ እንደሄደ ነገሩኝ። የለካው በመጀመሪያ ምኑን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንስራውን።

ቸር ይግጠመን።